አንድ ጋት ከጣት

የመኪና የፊት መብራት ምን ያህል ዝቅ ብሎ ማብራት እንዳለበት የወሰኑት ሰዎች ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚገባውን መንገድ አያውቁትም ነበር። ልኩ የተቆረጠው በሌላ አገር ነው፤ ለሜዳ መንገድ፣ ለባዶ መኪና፣ አንዳንዴም ለሌላው የመንገድ ጠርዝ። ፋብሪካው አምፖሉን ገጥሞ፣ መስታወቱን አልብሶ፣ ብሎኑን አጥብቆ ሲልከው የእሱ ሥራ አልቋል። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን ያንን ልክ እንዳለ ሊቀበለው አይችልም። ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ መኪናውን በግድግዳ ፊት አቁሞ መብራቱን ሲያስተካክል ብዙዎች ጋራዥ የራቀው ሰው የሚዘይደው የችግር መላ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከዚያ በላይ ነው እላለሁ። ይህ አገር ከጎማ ጋር ከተዋወቀ ጀምሮ መኪናውን ከመንገዱ ጋር የማስማማቱ ሥራ የተጠቃሚው ድርሻ ሆኖ ኖሯል፤ የመብራቱ ብሎን የዚያ ሥራ ትንሹ ግን ግልጹ ምሳሌ ነው።

ትውውቁ የጀመረው በሞተር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በሠረገላ ጭነው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ሲነሡ መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጀ፤ ሠረገላው ያለ መንገድ አይሄድምና፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየቆረጡ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ለጎማው መንገድ ማበጀት ነበረባቸው። ከባሕር በኩል የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ተቃራኒውን መረጠ፤ ጎማው የማይወጣውን ዳገት በ44 ዝሆኖች ጀርባ ላይ መድፍ ጭኖ ወጣው። አንዱ መንገዱን ለጎማ አስገበረ፣ ሌላው ጎማውን ተወው። ሦስተኛው አማራጭ፣ ማለትም ጎማ ያለውን ዕቃ ራሱን እየነካኩ ለመንገዱ እንዲስማማ ማድረግ፣ ገና ጊዜው አልደረሰም ነበር። ከ28 ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ሲያዙም ስንቁን ያጓጓዘው በቅሎ፣ አህያና የሰው ጫንቃ ነው። በዚያ ዘመን የሌሊት መንገደኛ ብርሃኑ በእጁ ነበር። ችቦም ይያዝ ፋኖስ፣ የያዘው ክንድ ራሱ ማስተካከያ ነው፤ እግሩ ሥር ድንጋይ ሲበዛ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሰው ሲመጣበት ወደ ጎን ያዞረዋል። አቅጣጫው በክንድ ሳይሆን በብሎን ተይዞ የሚቀር ብርሃን ያመጣው መኪና ነው፤ ጣጣውም አብሮ መጣ።

መጀመሪያ ጣጣው ትንሽ ነበር። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገብቶ መኪናውን ለዐፄ ምኒልክ ሲያሳይ፣ የዘመኑ መኪናዎች በብዛት የሚያበሩት በካርባይድ ነበር። ውሃ ካርባይዱ ላይ ጠብ ሲል የሚወጣው አሴቲሊን ጋዝ ተለኩሶ ይነዳል። የዚያ ነበልባል ብርሃን ውስን ስለነበር የሌላውን ዓይን ይወጋል የሚለው ስሞታ ገና አልበረታም ነበር። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴሉ የኤሌክትሪክ ማስነሻንና መብራትን አንድ ላይ ካቀረበ ወዲህ ግን ብርሃኑ በረታ፣ ስሞታውም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ኦስራም ቢሉክስ ብሎ ያወጣው ባለ ሁለት ክር አምፖል መልስ ሆነ፤ አንዱ ክር ወደ ሩቅ፣ ሌላው ወደ ታች ያበራል። የዛሬው ሹፌር ረጅም መብራት፣ አጭር መብራት የሚለው ክፍፍል እዚያ ላይ ነው መልክ የያዘው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ አጭሩ መብራት ምን ያህል ይጠር? አውሮፓውያን የሚሠሩበት መልስ አጭርና ግልጽ ነው። መብራቱ በያንዳንዱ 10 ሜትር ርቀት 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ ከመቶ አንድ። አሜሪካኖቹ ደግሞ 25 ጫማ፣ ማለትም 7 ሜትር ከ60 ገደማ፣ ከግድግዳ ርቀው ይለካሉ። ሁለቱም የሚያስቡት መኪናውም መንገዱም ቀጥ ብለው ጠፍጣፋ ላይ እንደቆሙ ነው።

ይህ ልክ ወሎ የገባው ከጭነት መኪና ጋር ነው። ደሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ጦር ከተያዘች በኋላ ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አሥመራ የተዘረጋው ዋና መስመር የትሬንታ ኳትሮና የሌሎች ፊያቶች መፈንጫ ሆነ፤ ምዕራቡ ደጋ ግን ከጎን ቀረ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህም ቢሆን ቅድሚያ ያገኙት ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ነበሩ። የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወዲያ አማራ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ መኪና ሲሉ በመጀመሪያ የሚያስቡት እህል አውጥቶ ሸቀጥ የሚያስገባውን ነው። በኋላም ኤንትሬው፣ ቀጥሎም አይሱዙው ያንኑ ሥራ ወረሱ። ከኢጣሊያ የተረፈው ሌላው ቅርስ ቋንቋ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባልስትራ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፤ ጋራዡ የሚናገረው ግማሽ ኢጣሊያንኛ ነው። የፊት መብራቱ ነገር ሲነሳ ግን ሹፌሩ የአገሩን ቃል ይይዛል፦ ረጅም፣ አጭር፣ ዓይን ይወጋል፣ መሬት ይልሳል። ከቃላት ብዙ ማስረጃ መጭመቅ ደግ አይደለም፤ ቢሆንም ፍሬንና ፍሪሲዮን ከመካኒኩ እንደመጡ ሁሉ፣ «ይወጋል» እና «ይልሳል» ከመንገዱ እንደመጡ ጆሮ ይመሰክራል።

ከዚያ ሁሉ በላይ የፋብሪካውን ልክ ያናጋው ቀን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ኢትዮጵያ የምትነዳበትን ጎን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። ለመሪና ለመንገድ ምልክት ይህ ግልጽ ለውጥ ነበር፤ ለመብራት ግን ስውር ነበር። በአውሮፓ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው አዲሱ አጭር መብራት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በሚመጣው መኪና በኩል ዝቅ ብሎ ይቆረጥና በራስ ጠርዝ በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ እግረኛውንና ቦዩን እንዲያሳይ ነው። ለግራ መንገድ የተሠራው መስታወት ሽቅብ የሚያበራው ግራውን ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ግን በግራ በኩል ያለው ጠርዝ ሳይሆን የሚመጣው ሹፌር ዓይን ነው። ስዊድኖች ከእኛ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1967 ያንኑ ለውጥ ሲያደርጉ መኪናዎቻቸው የፊት መብራት መቀየር ነበረባቸው፤ ለውጡን ከዚያ በላይ ያላዘገዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ወጪ ነው። ኢትዮጵያ ቀድማ ስለተሻገረች፣ ብዙ አሮጌ መኪናዎቿም ግራና ቀኙ እኩል የሆነ መብራት የያዙ ስለነበሩ፣ ዕዳው ያኔ ቀለል ብሎ አለፈ። ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። ለግራ መንገድ ተሠርቶ መሪው ብቻ ተዛውሮ የሚገባ ያገለገለ መኪና መብራቱ አሁንም የተሠራበትን አገር መንገድ ነው የሚያበራው። ይህን ደግሞ ሹፌሩ ከወንበሩ ሆኖ አያየውም፤ እንዲያውም ደኅና የሚያበራ ይመስለዋል። ግድግዳ ፊት ሲቆም ብቻ ብርሃኑ በየትኛው ጎን ሽቅብ እንደሚታጠፍ በዓይኑ ያያል። በግራ ከታጠፈ የብሎን ጉዳይ አይደለም፣ መብራቱ ራሱ መለወጥ አለበት።

ዋናው ማስረጃ ግን ጭነት ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3 ሜትር ከ40 ርቀት ያለው አይሱዙ እንውሰድ። መብራቱ ከመሬት 80 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጧል፤ ባዶውን ሲቆም ከመቶ አንድ ዝቅ ብሎ ተስተካክሏል፤ ስለዚህ ብርሃኑ 80 ሜትር ርቆ መሬት ይነካል። አሁን ጤፍና ስንዴ ይጫንበት። የኋላው ባልስትራ ከፊቱ ይልቅ 7 ሳንቲሜትር ብቻ አብልጦ ቢረግጥ አፍንጫው ከመቶ ሁለት ያህል ቀና ይላል። ያ ማለት ዝቅ ይል የነበረው ብርሃን ከመቶ አንድ ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። 50 ሜትር ላይ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ይደርሳል፤ ከፊት የሚመጣ የቤት መኪና ሹፌር ዓይን በዚያ ብርሃን ውስጥ ይወድቃል። ሹፌሩ አጭሩን አብርቶ «ቀንሼለታለሁ» ይላል፤ የሚመጣው ግን ረጅም እንደበራበት ነው የሚቆጥረው፣ መልሶ ያበራበታል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ተቃራኒውም ይሠራል፦ ጭኖ እያለ ያስተካከለው መብራት ባዶውን ሲመለስ ከመቶ ሦስት ይደፋና 27 ሜትር ላይ መሬት ይልሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ያንን ርቀት ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ፈረንሳዮቹ ለገበሬ ብለው እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጧት ሲትሮየን ዱ ሼቮ ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ መብራቷን እንደ ጭነቱ ዝቅና ከፍ የሚያደርግበት መዘውር ነበራት። ድንች የሚጭን ሰው መብራቱን ማን ማስተካከል እንዳለበት ቀድሞ የገባው ያ መኪና ነው፤ ወሎ የገባው የጭነት መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ብሎን ብቻ ይዞ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ተራራ ላይ ከመቶ አንድ ምን ዋጋ አለው? የአምባ ፈሪትን ትከሻ የሚያቋርጥ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃሙ ጉንደወይን ለመሻገር ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገድ ተዳፋቱ ራሱ ከመቶ ስድስትና ሰባት ይሆናል፤ በዚያ ላይ የአንድ ጋት ልዩነት ማሳደድ ከንቱ አይደለም ወይ? ነገሩ እንደዚያ የሚመስለው ተዳፋቱን ከባሕር ጠለል አንጻር ስናይ ነው። መብራት ግን የሚያውቀው መንገዱን ብቻ ነው። ሁለት መኪና በአንድ ዳገት ላይ ሲገናኙ አንዱ ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል ያዘነበለው በእኩል ስለሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ሜዳ ላይ እንዳለው ነው። ልኩ የሚፈርሰው ተዳፋቱ በሚሰበርበት ቦታ ነው፤ በዳገቱ አናት ብርሃኑ ሰማይ ያያል፣ በሸለቆው ግርጌ አፍንጫው ሥር ይወድቃል። እነዚህ የአፍታ ናቸው፤ ልምድ ያለው ሹፌርም አናቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይገታል። የተሳሳተ ብሎን ግን ከደሴ እስከ መካነ ሰላም አብሮ ይሄዳል። ጉሙን ደግሞ ማሰብ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ጉም ሲወርድ፣ ከልኩ በላይ የተነሣ መብራት የሚያበራው ጉሙን ነው፤ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመለስበታል። በሜዳ አገር የሌላው ሰው ጉዳይ የሚመስለው ስሕተት እዚህ የራስ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ተራራው ልኩን ከንቱ አያደርገውም፤ ያስወድደዋል እንጂ።

ሌላው ተቃውሞ ከባለሙያ በኩል ይመጣል፤ ግድግዳ መሣሪያ አይደለም፣ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የመኪናውን ብቃት ለመርማሪ ሰጥቶታል፣ ለምን ለሹፌር ይተዋል? ምርመራው አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። መርማሪው ግን መኪናውን የሚያየው በዓመት አንድ ቀን፣ ያውም ባዶውን ነው፤ ቦሎው የሚመሰክረው የዚያን ቀን ነው። ባልስትራ ሲሰበር፣ ጎማ ሲለወጥ፣ አምፖል ሲቀየር፣ ፓራፋንጎ ሲጋጭ መርማሪው የለም። የግድግዳው ግምት ሻካራ ነው የሚለውም ቢሆን በቁጥር ሲታይ ይቀላል። ከመቶ አንድ በ10 ሜትር ላይ 10 ሳንቲሜትር ነው። የ10 ሜትሩን በአገር መለኪያ ብንለው ሃያ ክንድ ነው፤ 10 ሳንቲሜትሩ ደግሞ አንድ ጋት ከጣት። ይህን ለማየት መስታወት ያለው መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው ግድግዳው ጥግ ተጠግቶ የመብራቶቹ መሐል በከሰል ምልክት ይደረግበታል፤ ሃያ ክንድ ወደ ኋላ ይርቃል፤ ከምልክቱ አንድ ጋት ከጣት ዝቅ ብሎ መስመር ይሰመራል፤ አንዱ መብራት በጨርቅ ተሸፍኖ ሌላው በካቻቢቴ ይመራል፣ የብርሃኑ ጠርዝ መስመሩ ላይ እስኪያርፍ። የጎማው ነፋስ መሞላት፣ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ መቀመጥ፣ ጭነቱም ሌሊት የሚሄድበት ጭነት መሆን አለበት፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። መሬቱ ሜዳ ካልሆነስ? መኪናውና ግድግዳው ያሉበት ቦታ በአንድ ወጥ ተዳፋት ላይ ከሆነ ለመብራቱ ችግር የለም፤ ምልክቱ የሚለካው ከራሱ ከመኪናው ከፍታ ነውና። የሚያሳስተው ግቢው መሐል ላይ ሲጎብጥ ወይም ሲጎደጉድ ነው። ያንን ግንበኛ በውሃ በተሞላ ቱቦ ያጣራዋል፤ ቤት ሲሠራ የሚያደርገው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይበረታል፣ ከፊሉንም እቀበለዋለሁ። ብሎኑን ለሹፌር ከሰጠነው ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም፤ የሌሊቱ መንገድ የሚያስለቅሰው በቤት የተነካካ መብራት ነው ይባላል። ከፍ የሚደረግ መብራት መኖሩ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን በቤት መሠራቱ ሳይሆን በወንበር ላይ ተቀምጦ መሠራቱ ነው። ከወንበሩ ለሚያይ ሰው ከፍ ያለ ብርሃን ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ የሚጎዳውን ሰው አያየውም። ግድግዳው ላይ የተሰመረው መስመር የዚያ የሌለው ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ ተቃውሞው ግድግዳውን የሚደግፍ እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። የማልከራከርበት ክፍል የኤልኢዲውን ነው። ለባለ ክር አምፖል በተሠራ ጎድጓዳ መስታወት ውስጥ ኤልኢዲ ሲገባ፣ ብርሃኑ የሚወጣው ከሌላ ነጥብ ስለሆነ መስታወቱ ሊሰበስበው አይችልም፤ ጠርዙ ይበተናል። ግድግዳው ላይ መስመር የማይሠራ መብራት በየትኛውም ብሎን አይስተካከልም፤ እዚህ ላይ የቤት ጥበብ ያልቃል፣ ያለው መፍትሔ አምፖሉን ማውጣት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከመንገዱ ልማድ ይነሣል። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሲመሽ የሚያድርበት አገር ነው፤ ምዕራብ ወሎ ላይ ሌሊት የሚሄደው መኪና ስንት ነው? የሚለው ነው። ጥቂት መሆኑ ነው ጉዳዩ። መብራት በሚበዛበት ከተማ የሰው ዓይን ግማሽ ብርሃን ለምዶ ነው የሚያመሸው። ጨለማውን የለመደ ዓይን ላይ የሚያርፍ አንድ መብራት ግን ለሰከንዶች ያሳውረዋል። ወሎ ላይ ጎህ ሳይቀድ መንገድ የሚወጣው ሰው ደግሞ ብዙ ነው፤ ለማኅሌት የሚሄድ፣ ለሱብሂ የሚነሣ፣ ለገበያ አህያ የሚነዳ። እሱ መብራት የሚቀንስበት ቁልፍ የለውም፤ የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ስለ መብራት የሚደነግገውም ለሹፌሩ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ከተከፈተ፣ መንገዱም ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከደረሰ ወዲህ፣ ሲመሽ የሚነሣው ቅጥቅጥና ሚኒባስ ከቀድሞው ኤንትሬ ይልቅ ፈጣን ነው፤ ሰው ሲጭን እንደ እህል አይደለም፣ በየመንደሩ ይወርዳል ይወጣል፣ የኋላው ባልስትራ በአንድ ጉዞ ውስጥ አሥር ጊዜ ይለዋወጣል። ለእንዲህ ያለው መኪና አንድ ቁርጥ ያለ ልክ የለም። ሙሉውን ሆኖ ከከተማ የሚወጣበትን ጭነት ይዞ ማስተካከልና የመንገዱ መጨረሻ ላይ የተደፋውን ብርሃን በፍጥነት ቅነሳ መቻል ነው የሚቀረው፤ ባዶውን የሚያድር ከሆነ ደግሞ ካቻቢቴው ማታውኑ ይፈለጋል።